ያልተሰካው ቅጂ

የሰፈሩ ነጋዴዎች «ሟርተኛው» ይሉታል። ሥራው ለትንንሽ ሱቆችና ቢሮዎች ኢንተርኔት ማስገባት ነው። ገመዱን ዘርግቶ፣ ራውተሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲጨርስ ግን ዕቃውን ሰብስቦ አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ ይመክራል። «ይሄን ፓስወርድ ቀይሩት። የማታውቁት ሰው የላከውን ፋይል አትክፈቱ። የሥራችሁን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።» ጎማ ሻጩ አንድ ቀን ሳቀበት።

«ከእኔ ምን ሊሰርቁ ነው? የጎማ ዋጋ?»

ፓስወርዱን በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ላይ የለጠፈ ሰው ነው። «የሱቅህን ቁልፍ በሩ ላይ አንጠልጥለህ ትሄዳለህ እንዴ?» ቢለው፣ «ሂድ ወዲያ፣ አታሟርትብኝ!» ብሎ አስወጣው።

ሟርት አልነበረም፤ የደረሰበት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአንድ አስመጪ ድርጅት የኮምፒውተር ሠራተኛ ሳለ፣ የቢሮው ፋይሎች በሙሉ በቫይረስ ተቆለፉ። እጁ ላይ አንድ ደህና ቅጂ ነበረው። አለቃው ከኋላው ቆሞ «ቶሎ በል! ቶሎ በል እንጂ!» እያለ ሲጮህበት፣ ደንግጦ ያንኑ ቅጂ ቫይረሱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ዓይኑ እያየ እሱም ተቆለፈ። በወሩ ከሥራ ተሰናበተ። ነገሩን ለሚስቱ አፍ አውጥቶ ለመናገር እንኳ ዓመት ፈጅቶበታል።

ታላቅ እህቱ አዋላጅ ናት፤ ከገበያው ጀርባ አነስተኛ የእናቶች ክሊኒክ አላት። ኮምፒውተሮቹን የዘረጋላት እሱ ነው። ሁለት ሃርድ ዲስክ አመጣና አንዱን ለካርድ መዝጋቢዋ ሰጣት። «ከሥራ ስትወጪ ቅጂ ውሰጂበት፤ ከዚያ ንቀይው» አላት። በሁለተኛው ላይ ደግሞ በየወሩ ራሱ እየቀዳ፣ በእህቱ ፈቃድ፣ በሚስጥር ቃል ቆልፎ በራሱ ሱቅ ውስጥ ካለው የብረት ሣጥን ያስቀምጠዋል።

«ለአንዲት ክሊኒክ ሁለት ቅጂ! አንተስ ለመቀበሪያህም መጠባበቂያ ሳትቆፍር አትቀርም» ትለው ነበር እህቱ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። መዝጋቢዋ ናት።

«ጋሼ፣ ካርዶቹ አልከፈት አሉኝ። የፋይሎቹ ስም ሁሉ ተለዋውጧል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ 'ካልከፈላችሁ አታገኟቸውም' የሚል ጽሑፍ መጥቷል።»

ከወንበሩ ተነሳ። «ስሚኝ፤ የኢንተርኔቱን ገመድ ከሁሉም ኮምፒውተር ንቀይ። አሁኑኑ!»

«ነቀልኩት።»

«ሃርድ ዲስኩስ?»

«እሱማ...»

«የት ነው ያለው?»

«እዚሁ... ተሰክቶ ነው ያለው። በየቀኑ ከምነቅል ከምሰካ ብዬ...»

ስልኩን ዘጋው። ሣጥኑን ከፍቶ ሁለተኛውን ዲስክ ኪሱ ከተተ፤ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ በእግሩ ሮጠ።

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ አንድ ሰው የሴት ነጠላ ጫማ በእጁ ይዞ ግድግዳ ተደግፏል። ሚስቱ ምጥ ይዟት ከመጣች ግማሽ ሰዓቷ ነው፤ ትኩሳቷ ከመናሩ የተነሳ ትቃዣለች። አምቡላንስ ተጠርቷል፤ ገና አልደረሰም። እህቱ ጓንቷን እንዳጠለቀች ከማዋለጃው ክፍል ብቅ አለች።

«መጣህ? ካርዷን አውጣልኝ። ባለፈው ዓመት እዚሁ የተወጋችው መርፌ ሊገላት ነበር ይላል ባሏ። የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም።»

«አንቺስ አታስታውሽም?»

«ያን ቀን ተረኛ ሌላ ነበረች፤ ሥራም ለቃለች፣ ስልኳም አይነሳም። ትኩሳቱ ለሷም ለልጁም ያሰጋል። መድኃኒቱን አሁን መጀመር አለብኝ።»

ዲስኩን ከኪሱ ሲያወጣ አየችው። የመዝጋቢዋ ኮምፒውተር ከፊቱ በርቶ ተቀምጧል።

«በል እሱ ላይ ሰካው!»

«አይሆንም፣ እትዬ።»

«በርቷል እኮ!»

«እዚህ ላይ ከሰካሁት ይሄም ይሄዳል። ሌላ ቅጂ የለንም።»

«ሰው እየሞተብኝ ነው! ሰካው እያልኩህ!»

ዲስኩን ወደ ኪሱ መለሰው። ያን ጊዜም አለቃው እንዲሁ ከኋላው ሲጮህበት ነበር የሰካው። ጥርሱን ነክሶ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አበራው። እህቱ አፍጥጣ አየችው።

«አንድ ነገር ብትሆን በአንተ ነው!» ብላ በሩን አላትማ ገባች።

ላፕቶፑ ያረጀ ነው። ስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አትጨርስም። ከውስጥ የሴትዮዋ የማቃሰት ድምፅ ይሰማል። ባልየው ጠጋ አለ።

«ወንድሜ፣ ምን እየጠበቅን ነው?»

«ይሄ እስኪነሳ ነው። አይዞህ።» «አይዞህ» ያለው ለራሱም ነበር።

ተነሳ። ዲስኩን ሰካ። የሚስጥር ቃሉን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ በሦስተኛው ገባለት። የሴትዮዋን ስም ቢጽፍ በዚያ ስም ሦስት ሴቶች መጡ።

«የአባቷን ስም ንገረኝ! የአያቷንም!»

ባልየው ነገረው። ካርዱ ተከፈተ። ያለፈው ዓመት ገጽ ላይ «የፔኒሲሊን ዘር መርፌ እንዳትወጋ፤ ፊቷ አብጦ ትንፋሽ አጥሯት ነበር» ይላል። በሩን በትከሻው ገፍቶ እያነበበ ገባ።

እህቱ መርፌውን ሞልታ ይዛው ነበር። አምፒሲሊን ነው፤ የዚያው የፔኒሲሊን ዘር። እጇ ላይ ያለውን አየች፣ እሱን አየች፤ ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠችውና ከመደርደሪያው ሌላ መድኃኒት አወረደች። አምቡላንሱ ሲደርስ ሴትዮዋ መድኃኒቱን ወስዳ፣ ግሉኮስ ተሰክቶላት ነበር። ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች፤ በማግስቱ ትኩሳቷ መውረዱን ባልየው ደውሎ ተናገረ።

ባልየው በደወለበት ዕለት እህቱ ሱቁ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«የትናንቱን ንግግሬን...»

«ተይው፣ እትዬ።»

«አልተወውም። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!»

መዝጋቢዋ ደግሞ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ፣ «የመድኃኒት ዋጋ ዝርዝር» የሚል ኢሜይል መክፈቷን ተናገረችና «አባርሩኝ» አለች። ሟርተኛው ከጎኗ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሰካውን ቅጂ ከነውርደቱ አጫወታት። «ወዲያው ደወልሽ። እኔ ያኔ ግማሽ ቀን ደብቄ ነበር» አላት።

ለሌቦቹ አልከፈሉም። ኮምፒውተሮቹ ተጠርገው እንደ አዲስ ተጫኑ፣ ካርዶቹም ከሁለተኛው ቅጂ ተመለሱ። ቅጂው ከተወሰደ ወዲህ በነበሩት ሃያ ቀናት የተመዘገቡ ስልሳ አራት እናቶች ካርድ ግን ጠፍቶ ቀረ። መዝጋቢዋ ካርዱን እንደገና ለመሙላት የቀጠሮ ደብተሩን ይዛ ለእያንዳንዷ ደወለች፤ ስልክ ያላነሱትን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ጠየቀች። ሃምሳ ሦስቱ ተገኙ። አሥራ አንዱ ገና አልተገኙም፤ ከእነሱ አንዷ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል። አዋላጇ ጠዋት ጠዋት ጋዋኗን ሳትለብስ በፊት «ተገኘች?» ብላ ትጠይቃለች። መዝጋቢዋም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች።