ላሊበላ ላይ የላጨሁት ጎፈሬ

በደርግ ጊዜ ቆቦ አስተማሪ ሳለሁ፣ ገናን ላሊበላ የሚያከብሩ ሰዎች በጭነት መኪና ሲወጡ አብሬ ተሳፈርኩ። ለመሳለም እንዳይመስላችሁ። የቆቦ ሙቀት ጭንቅላቴን ቀቅሎት ስለነበር ብርድ የሚባለውን ነገር ላየው ነው። አየሁት። ዳገቱ ላይ የተሳደብነው ስድብ ከአፋችን ሳይወጣ በረዶ ይሆን ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ከቆቦ ወጣ ካለ መንደር የመጡ ገበሬ ነበሩ። ጎፈሬያቸውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ሦስት ሰው ያስጠልላል፣ የተቀቡት ቅቤ ለአንድ ሠርግ ወጥ ይተርፋል። እሳቸውም ለመሳለም አልነበረም የሚሄዱት። አንድ ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ከላሊበላ ከተማ በላይ ባለው ካምፕ ነበር። ጦሩ በዚያው ሳምንት ወደ ሰሜን እንደሚንቀሳቀስ ሰምተዋል። እናቱ በዓይንህ አይተኸው ና ብላ የማሽላ ቆሎ አስይዛቸዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ሰዉ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ ወረደ። እኔም ወረድኩ። ከላይ ሲያዩት ምድር አፏን ከፍታ ቤት የዋጠች ይመስላል። ግማሽ ሰዓት አይቼ ሰለቸኝና ወደ መንገዱ ብመለስ፣ ሰውየው ቆሏቸውን ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ካምፑ እንዴት እንደሚገባ ጨንቋቸዋል።

ሰይጣን ገባብኝ። የካምፑ አዛዥ ቅቤ የተቀባ ራስ እንደማያስገባ ነገርኳቸው፤ ከወንበዴ ይልቅ ቅማል ጦሩን ይፈጅብኛል ብሎ ይፈራል አልኩ።

«ሰው ሳይሞትብኝ ልላጭ?» አሉ።

ትእዛዝ ነው አልኳቸው፤ ፊቴ ላይ የሳቅ ምልክት የለም። ራሳቸውን አሻሹና ዝቅ አደረጉልኝ። ምላጭ በቦርሳዬ ነበረኝ። አንዴ ልሞጭርና ቀልዴን ነው ልላቸው ነበር ሐሳቤ፤ ግን የእኛው መኪና ሰዎች ከበው መሳቅ ጀመሩ። ሰው እየሳቀልኝ ሥራ አቁሜ አላውቅም። ጨረስኩት።

እስከ ካምፑ በር አብሬያቸው ሄድኩ። ዘበኛው ራሳቸውን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ልጁን አስጠራላቸው። ልጁ ከሩቅ እየሮጠ መጣና የአጥሩ ሽቦ ጋ ሲደርስ የአባቱን ራስ አይቶ ድርቅ ብሎ ቀረ።

«እናቴን ቀበራችኋት?»

«ደህና ናት ልጄ። ቤቷ ቁጭ ብላለች።»

እኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም። ሟችም ቢሆን መጀመሪያ ደህና ነው ነው የሚባለው። ስለዚህ አባት ደህና ናት ባሉ ቁጥር ልጅ መሬት ላይ ይንከባለላል፤ በማርያም ሲምሉማ ባሰበት። ጠጋ ብዬ እኔ ነኝ የላጨኋቸው፣ ቀልድ ነው አልኩት። ከአባቱ ጋር ለመርዶ የተላክሁ ሰው መሰልኩት መሰለኝ፣ እኔን ሲያይ ጮኸ። ጓደኞቹ መጥተው አባትየውን እግዜር ያጥናዎ ይሏቸው ጀመር። ዘበኛው ሰዓት አልቋል አለ። ልጁን በሁለት ብብቱ ደግፈው አስገቡት። ቆሎው ከሽቦው ወዲህ ቀረ።

በመልሱ መንገድ ቆቤን ብሰጣቸው አልተቀበሉኝም። ስላጫቸው ከበው የሳቁት ሰዎችም አሁን ከእኔ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ቆቦ ልንደርስ ጎብዬን ስናልፍ ሰውየው ተናገሩ።

«መምህር፣ እናቱ ቆቦ መኪና መውረጃው ላይ ትጠብቀኛለች። ራሴን ስታይ ልጄን ቀብሮት መጣ ነው የምትለው። ምን ልበላት?»

ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነበርኩ።

«ደህና ነው ይበሏት» አልኩ።

ቆቦ ስንገባ ሴትየዋ መንገዱ ዳር ቆማለች። መኪናው ገና ሳይቆም ደረቷን ልትመታ እጆቿን ስታነሳ አየሁ። እኔ በወዲያኛው ጎን ዘልዬ ወረድኩ።