ለዓቢዳ ያልተባለው እልልታ

ወሎ፣ ግራና ላይ ዙልፋን የማያውቅ የለም፤ ፊቷን ያላየ እንኳ ድምጿን ያውቃል። ሠርግ ቤት ስታንጎራጉር ገበያተኛው አህያውን አቁሞ ይሰማት ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ዓቢዳ ከተወለደች ወዲህ ግን ያ ድምፅ ጠፋ።

ዓቢዳ በመቀመጫዋ ነበር የመጣችው። ዙልፋን ወልድያ አድርሰው በኦፕራሲዮን አዋለዷት። አማቷ እማማ አሚና በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እልል ግን አላሉም።

«ይቺ ወጣች እንጂ መች ተወለደች?» አሉ ለጎረቤታቸው፣ ዙልፋ እየሰማች።

ስፌቱ ደረቀ። ቃሉ ግን አልደረቀም፤ እስከ ዛሬ ውስጥ ውስጡን ይመግላል።

አሁን ዓቢዳ ለሁለተኛው ልጅ ትልቅ እህት ልትሆን ነው። ዙልፋ ይሄኛውን በራሷ አምጣ መውለድ ፈለገች። መርሳ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ብትጠይቅ ሐኪሙ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «አንዴ የተቀደደች ሁልጊዜ ትቀደዳለች፤ ቀን እንያዝልሽ» አላት።

«ሆዴ ጆንያ ነው እንዴ?» ብላ ወጣች።

ወልድያ ያገኘቻት አዋላጅ፣ ሲስተር ቃልኪዳን፣ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። የድሮውን ቁስል፣ የሕፃኑን አመጣጥ፣ ሁሉን አየችላት።

«ማህፀንሽ የተቆረጠው ከታች፣ በአግድም ነው። ያኔ የተቆረጥሽው ልጅቱ ተገልብጣ ስለመጣች ነው፤ ይሄኛው በጭንቅላቱ ነው የመጣው። መሞከር ትችያለሽ፣ እህቴ። እቤት ግን አይሞከርም! ምጥ ላይ ጠባሳው ከተተረተረ ለአንቺም ለልጁም አንደርስም። ቀንሽ ሳይደርስ መጥተሽ እዚሁ የእናቶች ማቆያ ትገቢያለሽ። እምቢ ካለም ኦፕራሲዮን ክፍሉ እዚሁ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዙልፋ እንደገና ማንጎራጎር ጀመረች፤ ለራሷ ብቻ፣ ሽንኩርት ስትልጥ፣

*የግራና መሬት አይጠላም ማረሻ፣*
*አንዴ መቀደዱ መች ሆነ መጨረሻ።*

ወሯ ሲገባ እማማ አሚና ዱበርቲዎቹን ጠሩ፤ ለነፍሰ ጡር ዱዓ የሚያደርጉትን የሰፈሩን እናቶች። ቤቱ ሞላ። የነቢዩን ልጅ ፋጡማን እየጠሩ፣ እያጨበጨቡ መረቋት። ዙልፋም አንገቷን ደፍታ «አሚን» ስትል ቆየች። በመጨረሻ አሚና እጃቸውን ዘረጉ፦

«ያ ረቢ! ቢላ እንዳይነካት፣ የሐኪም ደጅ እንዳትረግጥ፣ እዚሁ ምሰሶ ይዛ ተገላግላ እንደ ሴቶቹ እናት ትባል!»

«አሚን!» አለ ቤቱ።

ዙልፋ ዝም አለች።

ዱዓ ላይ አሚን ያላለች ሴት ግራና ላይ ታይታ አትታወቅም። ሁሉም ዞሮ አያት።

«ምነው፣ አፍሽ ተያዘ?» አሉ አሚና።

«አልተያዘም፣ እማማ። በሞቴ ላይ አሚን አልልም።»

«አስተግፊሩላህ! እኛ ሞትሽን ለመንን?»

«እዚህ ቢተረተር ማን ይሰፋኛል? እርስዎ? ጠባሳው የኔ ነው! አንዱ ካልቀደድኩሽ ይለኛል፣ እርስዎ ምሰሶ ይዘሽ ሙቺ ይሉኛል። ሆዴን የመንደር ሜዳ አደረጋችሁት!»

ባሏ ዓሪፍ ከደጅ ብቅ አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ እናቴን በሰው ፊት አታዋርጃት።»

«አንተስ? ዓቢዳ አልተወለደችም ሲሉ የት ነበርክ? ውርደት ያኔ አልታየህም?»

ዓሪፍ ወደ ደጁ ተመለሰ። በማግስቱ ግን ማንም ሳያዘው ወልድያ ሊያደርሳት ባጃጅ ይዞ መጣ፤ ፍራሿንም ራሱ ጫነ። እናቱ በር ላይ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ።

ምጡ ማቆያው ውስጥ እያለች መጣ። ሲስተር ቃልኪዳን የሕፃኑን ልብ እያዳመጠች፣ ሆዷን እየዳሰሰች፣ «አይዞሽ፣ ጠባሳው ደህና ነው» ስትላት፣ ዙልፋ በጥርሷ መሐል እየዘፈነች፣ እየተሳደበችም፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ቢላ አልነካትም። ቢያስፈልግም ለኦፕራሲዮኑ ልትፈርም ዝግጁ ነበረች።

አሚና ወሬውን ሰምተው ዓቢዳን በእጃቸው ይዘው ከተፍ አሉ። ሕፃኑን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «አሁን ወለድሽ! አሁን ገና እናት ሆንሽ!» ብለው ምላሳቸውን ለእልልታ ሲያነሡ፣ ዙልፋ ከአልጋው ቀና አለች።

«ይተዉ!»

ዓቢዳን ወደ አልጋዋ ሳበቻት።

«እናት ከሆንኩ ቆየሁ። ይቺንም ወልጃታለሁ፤ በሆዴ ወልጃታለሁ፣ ምልክቱም እነሆ። መጀመሪያ ለዓቢዳ ይበሉ። አለዚያ ለዚህኛውም አልፈልግም።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወደ ልጅቷ ዞሩ። ከዚያ ቀጭን፣ የተሰበረች እልልታ ወጣች።

«እማማ ምን ሆነው ነው?» አለች ዓቢዳ ደንግጣ።

«ጮክ ብለው» አለች ዙልፋ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ቁጣዋ ግን ሳይበርድ። «ያኔ ዝምታዎ አልጋዬ ድረስ ተሰምቶኛል።»