አይጧ ልጄን ጡት ያስጣለችበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ እዚሁ ገለጉ ነው። ታሪኩን ያልሰማ ጎረቤት የለንም፤ እኔ ባልናገረው ጎረቤቴ ሐዋ ትናገረዋለች። ሌላ ሰው አጣሞ ሳያወራው ብዬ ራሴ ጻፍኩት።

ባለቤቴ አጨዳ ወርዷል። እኔ ከአራስ ቤት ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ልጄን ይበልጣልን አስተኝቼ፣ ላበጥር ብዬ ከጆንያው ማሽላ ስዘግን አንዲት አይጥ ከእህሉ ጋር እጄ ውስጥ ገባች። ጮኼ ወረወርኳት። የገረመኝ አለመሮጧ ነው። የፊት እግሮቿ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ ይጎተታሉ፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። አይጥ እንዲህ ሆና አይቼ ስለማላውቅ በስልኬ ቀረጽኳት። ወዲያው ልጄ ሲያለቅስ እጄን በቀሚሴ ጠረግ አድርጌ አጠባሁት።

ጎንደር የእንስሳት ሕክምና የሚማር ታናሽ ወንድም አለኝ፤ መላኩ። ቪዲዮውን ላኩለት። ሎተሪ የወጣለት ይመስል ቶሎ ደወለ።

«እታለም፣ ይቺ እኮ ክፍል ውስጥ የተማርናት አይጥ ናት! አንጎላቸው ውስጥ የሚገባ የአይጥ ቫይረስ አለ። የሚገርምሽ፣ ነርቮቹን ራሳቸውን ብዙም አይነካም። የሚገባው ነርቮቹን የሚጠብቁት ሴሎች ውስጥ ነው። ጠባቂዎቹ ሲታመሙ ነርቮቹ ይሞታሉ፤ የኋላ እግራቸው ሽባ ይሆናል።»

«እኔ በእጄ ይዣታለሁ እኮ!» አልኩት።

አልሰማኝም፤ እሱ ትምህርቱ ላይ ነው። «ትልልቆቹን ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ጨቅላዎቹን ነው። እናትየዋ ምንም ሳይታይባት በጡቷ ወተት...»

ኔትወርክ ጠፋ።

የኛን አካባቢ ኔትወርክ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም። ቤት ውስጥ፣ ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ቆሜ ሞከርኩ። የለም። የቀበሌያችን የጤና ባለሙያ የት እንዳለች ስጠይቅ ወደ እርሻ ካምፖቹ ወጥታለች ተባልኩ።

ፈራሁ። ለራሴ አልነበረም። አይጧን የያዘው እጄ፣ ልጄ የጠባው ጡቴ፣ የልጄ እግር፤ ሁሉንም በሐሳቤ አገናኘኋቸው። ይበልጣል በተኛበት እግሩን ሲያነሳ ደስ ይለኛል፤ ካላነሳ እነካካዋለሁ። እንዲሁ ስነካካው ቀሰቀስኩት። እሪ ብሎ ጡት ፈለገ፤ አልሰጠሁትም። ጡቴ አግቶ ቀሚሴን አራሰው። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ልቅሷችንን ሰምታ ሐዋ መጣች። ከባሏ ጋር አጠገባችን ሱቅ አላቸው፤ ልጇ ሰሚራም እንደ ልጄ ገና ጡት ላይ ናት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ያ ሳትር!» አለች፤ አምላክ ይሰውረን ማለቷ ነው። ከዚያ ልጁን አየች። «ይሄ ግን በአይጥ ሳይሆን በራብ ሊሞት ነው። አምጪው።»

«ባልሽስ?»

«ባሌ ምን ይላል? ኻላስ፣ አለቀ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሰሚራ ወንድም ነው። በኛ አንድ ጡት የጠቡ አይጋቡም፤ ኋላ ልጅሽን ለልጄ ብለሽ ሽማግሌ እንዳትልኪብኝ!»

ጡቷን ስታጎርሰው ጸጥ አለ። በእንባዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። እኔን ደግሞ ወተቱን አልቤ እንድደፋ አዘዘችኝ። በዚያው ሰሚራን አምጥታ እኛ ቤት አደረች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። መላኩ ነው፤ ካቆመበት ቀጠለ። «... በወተት ነው ለልጆቿ የምታስተላልፈው እያልኩሽ ነበር። ያው የአይጥ ነው፤ ሰው ላይ እንዲህ አድርጎ አይታወቅም። ደግሞ በቪዲዮ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ መርዝ በልታም ይሆናል። ግን አይጥ ሌላም በሽታ ስላላት በባዶ እጅሽ አትንኪ። ከነካሽም በሳሙና ታጠቢ።»

የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሐዋ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ስማ ዶክተር፣ ሁለተኛ ስትደውል መጀመሪያ መጨረሻውን ተናገር!»

እኔ ልጄን አቅፌ ማጥባት ጀምሬያለሁ። እሱ ይጠባል፣ እኔ አለቅሳለሁ፤ የዚያን ቀኑ ልቅሶ ግን የደስታ ነው።

ዘንድሮ ይበልጣል በእግሩ መሄድ ጀምሯል። መጀመሪያ ዳዴውን ትቶ የሄደው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሐዋ ሱቅ ነው። አልዋሽም፣ ትንሽ ቀናሁ። ጠዋት ጠዋት በሁለቱ ቤቶች መሃል ቆሞ «እማ!» ብሎ ሲጣራ፣ እኔም ከጓዳዬ እሷም ከሱቋ «ወዬ!» እንላለን።