ሰፌዱን አናውጪው

እኔ ከሰፈሬ ከመንደራ ቆጪ ሳልወጣ፣ ሽርጤን አሸርጬ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ደመና ውስጥ የተደበቀ የጠላት አውሮፕላን ለይቼ የማይ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራም ቢሆን፣ የሠራሁትን ነገር ስለማወራ ያምርብኛል።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው፤ ከጆንያ ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ መጽሐፍ ተሻገርኩ። ሬዲዮ መጠገንም ማንም አላስተማረኝም። የራሴን ሬዲዮ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ ሦስት ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮው ግን ከቀድሞው አብልጦ ጮኸ። ቡናንም እንዲሁ ነው ያወቅኩት። ከሊሙ ገነት የሚመጣውን ቡና ናሙና ሰፌድ ላይ አፍስሼ፣ ጥቁሩን፣ የነቀዘውንና የተሰበረውን ፍሬ እየለየሁ አርጅቻለሁ። እኔ «ይግባ» ያላልኩት ጆንያ ወደ መጋዘናችን ገብቶ አያውቅም።

ባለፈው የቡና ወቅት ግን አንድ ናሙና ውስጥ ጥቁር ፍሬ አመለጠህ ተባልኩ። አንዲት ፍሬ! መጋዘኑን አሁን የሚመራው ልጄ ነው። ነገሩን ለወራት ሆዱ ውስጥ ይዞት ከረመና አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ እጁን እየታጠበ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተናገረ።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ሰፌዱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«አይንዎ ደክሟል። ይረፉ እንጂ፤ ደግሞ ምን አጡ?»

«ይረፉ» የሚባለው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ሰፌዱ ከተወሰደብኝ ጠዋት ተነስቼ የት እሄዳለሁ? ከመስጊድ ስመለስ ፀሐይ ገና ጣሪያ ላይ አልወጣችም። ተነሳሁና ወደ ሴት ልጁ፣ ማለት ወደ ልጅ ልጄ ክፍል ገባሁ።

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የምትማረው። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስትመለስ መጽሐፏን ወርውራ የጦር አውሮፕላን ታበራለች። በጌም ነው እንጂ በእውን አይደለም፤ እሷ ግን ስትታጠፍ ወንበሯም አብሮ ይታጠፋል። አውሮፕላኖቹ የድሮ ጦርነት አውሮፕላኖች ናቸው፤ ራዳር የላቸውም። ጠላትን በአይን ፈልገህ ካላገኘኸው እሱ ያገኝሃል። ያ ጠላት ደግሞ ከሩቅ ሲመጣ ክንፍ የለው፣ ጅራት የለው፤ ከሰናፍጭ ቅንጣት ያነሰች ነጥብ ናት።

ከዚያ ቀን በፊት ክረምቱን ሙሉ አጠገቧ እየተቀመጥኩ አይ ነበር። መጀመሪያ ላይ፣ አልዋሽም፣ ጉዳት አደረስኩ። ከጎረቤታችን የቡና መፈልፈያ ወፍጮ ገለባ እየበነነ በመስኮት ይገባና ስክሪኑ ላይ ያርፋል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ነገር አይቼ ሳላነሳ አላለፍኩም። ስለዚህ ነጥብ ባየሁ ቁጥር በሽርጤ ጫፍ እጠርጋለሁ።

«አካኮ! ማሎ! እሱ እኮ ጠላት ነው!» ብላ ጮኸች አንድ ቀን። አያቷ ስለሆንኩ አካኮ ነው የምትለኝ፤ «ማሎ» ደግሞ እባክዎ ማለቷ ነው።

«ታዲያ ጠረግኩልሽ አይደል?»

ተናግሬ ሳልጨርስ የጠረግኩት ነጥብ ክንፍ አወጣ፣ ተኮሰ፣ እኛም በጭስ ተጠቅልለን ወደ ባሕሩ ወረድን። እሷ ጭንቅላቷን ያዘች። እኔ ግን፣ ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ሦስት ቀን በተከታታይ ወደቅን። በአራተኛው ቀን ግን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ሰፌድ ላይ ጀማሪ የሆነ ሰው አይኑን አፍጥጦ ፍሬ በፍሬ ይፈልጋል። ይደክመዋል እንጂ አያገኝም። የሰፌዱ ስፌት ውስጥ ያለች ጥቁር ቋጠሮ ሁሉ ፍሬ እየመሰለች ታታልለዋለች። አዋቂ አይኑን ለቀቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ሰፌዱን ያናውጣል። ቋጠሮ ባለበት ይቀራል፤ ፍሬ የሆነ ሁሉ ግን ከጓደኞቹ ጋር ይንሸራተታል። የዚያን ጊዜ ጥቁሩ ራሱ «አለሁ» ይልሃል።

«ሰፌዱን አናውጪው» አልኳት።

«የቱን ሰፌድ?»

«አውሮፕላኑን! ወዲህና ወዲያ በይው።»

አዘነበለችው። ሰማዩ ተንሸራተተ። ገለባው ስክሪኑ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ፤ አንዲት ነጥብ ግን ከሰማዩ ጋር ሄደች። «ያቻት!» አልኩ። ያን ቀን ሳንወድቅ ዋልን። እሷ ወንበር ላይ ቆማ ስትጨፍር እኔ ተቀምጬ ጨፈርኩ።

ስለዚህ ልጄ «ይረፉ» ሲለኝ የማደርገውን አውቄ ነበር። እሁድ ከአስር ሶላት በኋላ ጠራሁት። የልጅ ልጄ ታበራለች፣ ትዳኛለችም። እኔና እሱ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ጠላትን ቀድሞ ያየ ይጣራል፤ ከሦስት ሁለቴ የቀደመ ያሸንፋል።

«እኔ ካሸነፍኩ ሰፌዱ ከእጄ አይወጣም» አልኩት። «አንተ ካሸነፍክ አሁኑኑ ከግድግዳው አውርጄ እሰጥሃለሁ፤ ዳግም አላነሳውም።»

«አባዬ፣ ቡናና ጌም ምን አገናኘው?»

«አይን!»

ሳቀና ተቀመጠ። ሳቁን ሳይጨርስ የመጀመሪያውን እሱ ወሰደው። ነጥቧ ከላይ ከጠራው ሰማይ ላይ ገና ብቅ ከማለቷ «ያቻት!» አለ። የጎረምሳ አይን ነው ያለው፤ ከእኔ ነው የወረሰው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ ቀና ብዬ አየሁት።

ሁለተኛው ከታች መጣ፣ ከጫካ በላይ። አረንጓዴ ላይ ጥቁር ፍሬ! ይህማ የእኔ ሥራ ነው።

«ከታች! ከዛፎቹ ላይ! እንደ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባጃጅ እየተንገጫገጨ!»

«የታለ? የታለ?» እያለ ልጄ አንገቱን ሲያሰግግ የልጅ ልጄ ተኩሳ ጨርሳ ነበር። «አንድ ለአንድ!» ብላ ጠረጴዛውን መታች።

ሦስተኛው ሊጀመር ሲል የጎረቤቱ ወፍጮ ተነሳ። ገለባው በመስኮት ገባ። ሰማይ፣ ደመና፣ ሰማይ። ድንገት ልጄ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ያው! በግራ! አየሁት! ተኩሺ!»

እውነትም በግራ በኩል ነጥብ አለ። እኔ አላየሁትም ነበር። ይህን ዛሬ ነው የምናገረው። ሰፌዱን እንዴት አድርጌ እንደማወርደው ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር። አፌ ግን ልማዱን አልረሳም።

«ሰፌዱን አናውጪው!»

«ምን ማናወጥ ነው? ተኩሺ እንጂ!» ይላል ልጄ።

አዘነበለችው። ሰማዩ ሄደ፣ ደመናው ሄደ፣ የልጄ ጠላት ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በቀኙ ጠርዝ፣ ከደመናው ስር፣ ከሰማዩ ጋር እየተንሸራተተች አንዲት ነጥብ ብቅ አለች።

«በቀኝ! ከደመናው ስር! እሷ ናት፣ እሷ!»

የልጅ ልጄ ዞረች፣ ተኮሰች፣ ጭስ በጭስ ሆነ። እኔም ተነስቼ ስዘል ሽርጤ ሊወልቅ ለትንሽ ተረፈ። በአንድ እጄ ሽርጤን፣ በሌላው የልጅ ልጄን ይዤ ክፍሉን ዞርኩት። «አልሃምዱሊላህ! የታለ የደከመው አይን? የታለ?»

ልጄ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፤ ጠላቱን በጥፍሩ ፈቅፍቆ አነሳና መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«አባዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ገለባ ገዛሁ እኮ!» ከዚያ እየሳቀ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ቃሉን ጠበቀ። ቡና መድረስ በጀመረ ጊዜ የሊሙ ገነትን የመጀመሪያ ናሙና ራሱ አምጥቶ ሰፌዴ ላይ አፈሰሰልኝ። የልጅ ልጄም ትምህርት አልነበራትምና አጠገቤ ተቀምጣለች። አይኔን ለቀቅ አድርጌ ሰፌዱን አናወጥኩ። እጄን ሳልዘረጋ ጣቷን ሰደደችና አንዲት ጥቁር ፍሬ አነሳች።

ልጄ ቀስ ብሎ አየኝ። «አይተዋት ነበር?»

«አይቼማ! ለእሷ ብዬ ነው የተውኳት። እንዴት ትማር ታዲያ?»

ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። እኔም ሰፌዱን ወደ ልጅ ልጄ ገፋ አደረግኩትና «በይ አሁን አንቺ አናውጪው» አልኳት። አናወጠችው። ፍሬው ተንሸራተተ። ሁለቱም አቀርቅረው መሃል መሃሉን ሲፈልጉ፣ ከጠርዙ አጠገብ ሌላ አንዲት ጥቁር ተገለበጠች። ማንም አላያትም። አነሳኋትና በልጄ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት።