ለሁለት ሰው የሚለካ ፓራፋንጎ

ኤልመር ሾግረን ጠዋት ጠዋት፣ ገና መሣሪያ ሳይነኩ፣ በግራ እጃቸው ስስ የጥጥ ጓንት ያጠልቁና ዓይናቸውን ጨፍነው ፓራፋንጎውን ከላይ እስከ ጫፉ ይዳብሱታል። ዓይን የሚያልፈውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል ይላሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በጥቁር ተራሮች ግርጌ ባለችው ከተማችን የረጅም መንገድ ሞተር ብስክሌቶችን የኋላ ፓራፋንጎ ሲቆርጡ፣ ላሜራ ሲቀጥሉ፣ አስፋልቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ሲያስረዝሙ አርባ ዓመት ሆናቸው። እኔ ስልክ አነሣላቸዋለሁ፤ ቀለምም አቀብላለሁ።

ሰው አይወዳቸውም፤ እሳቸውም ሰው አይወዱም። ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ ያላቸው ቨርጂል ክሮግ የቀድሞ ሸሪካቸው ናቸው። ከተጣሉ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። ቨርጂል በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ለሚያልፍ ደንበኛ ሁሉ፣ የዚያ ሽማግሌ እጅ አልቆለታል ይላሉ።

ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ ቬርና ቴትስ ሞተሯን እየገፋች ገባች። ፓራፋንጎውን ከተረከበች ሳምንት አልሞላትም። ጎማው ላሜራውን ከውስጥ ሲፍቀው፣ የላዩ ቀለም እሳት እንደነካው ገላ ውሃ ቋጥሯል።

«ከባሌ ጋር ነው የምጓዘው ብዬ ነግሬዎት ነበር» አለች።

«ባልሽ ወፍሮ ነው።»

«ባሌ አልወፈረም። አንተ ነህ የጃጀኸው።»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። ፓራፋንጎ የሚለካው ተጓዦቹ ተቀምጠው፣ ሞላው በክብደታቸው ወርዶ ነው። ኤልመር ግን የለኩት ቬርናን ብቻዋን አስቀምጠው ነበር። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሞተሩን በየዓመቱ በኦገስት ከተማችን ውስጥ በሚደረገው የሞተረኞች ጉባኤ መግቢያ ላይ፣ የኤልመርን ስም በትልቁ ጽፋ እንደምታቆመው ነገረቻቸው። እዚያ አንዴ የተሳቀበት ባለሙያ ዳግም ሥራ አያገኝም። ከባልሽ ከኦርዴል ጋር ሆናችሁ እንደገና ልለካችሁ ቢሏት፣ እኔና ባሌ የሚዛን ድንጋይ አይደለንም ብላ ሄደች።

ኤልመር ብየዳውን ፈቱ። እሳቸው የቬርናን ያህል ይመዝናሉ፤ ኦርዴልን የሚያህል ሰው ግን ጠፋ። አንቺማ ብትቀመጪ ሞላው እንኳ አያውቅብሽም አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት በክብደት ኦርዴልን የሚያህሉት ቨርጂል ክሮግ መጡ። ሰላም አላሉም። ኤልመር ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ወጡ፤ ሁለት የተጣሉ ሽማግሌዎች በቆመ ሞተር ላይ። ሞላው ሲጥ ብሎ ወረደ። ተንበርክኬ በጎማውና በላሜራው መሃል ያለውን ክፍተት ለካሁ፤ ጣት አያስገባም።

«ቶሎ በይ» አሉ ቨርጂል። «የዚህን ሰውዬ ማጅራት የማየት ግዴታ የለብኝም።»

«ዝም ብለህ ክበድ» አሉ ኤልመር።

ቨርጂል ሲወርዱ፣ ያኔም ሰው ሳታስቀምጥ ቆርጠህ ነው የተጣላነው ብለው ወጡ። ኤልመር ወደ ብየዳቸው ዞሩ። ፓራፋንጎውን ሁለት ጣት ከፍ አድርገው በየዱት፤ የተበላሸውን ፍቀው ስቱኮ ሞሉት፤ ሐሙስ ማታ ቀለሙን ጨረስን።

ዓርብ ቬርናና ኦርዴል ወጥተውበት ከተማውን ዞሩ። ስትመለስ ጎማውና ላሜራው መሃል እጇን ከተተች፣ ዳሰሰች። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ባሏ እንዳልወፈረ ግን ሁለቴ አስታወሰቻቸው። ስማቸውን የያዘ ሰሌዳም ጉባኤው ላይ አልቆመም።

ታሪካቸውን ልጻፍ ስላቸው ኤልመር አልከለከሉኝም። ልኩን መሳሳቴንም፣ ጃጀህ መባሌንም ጻፊው አሉ። ቨርጂል ግን በራሱ እግር መጣ በይ፣ ሌላውን ተዪው አሉኝ።

ያን ማክሰኞ መንገዱን የተሻገሩት፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቨርጂል በራፍ ላይ የቆሙት፣ «እባክህ» ያሉት ኤልመር ናቸው።