ወተት የሌለበት ማህለቢያ

መተማን የማያውቅ ሰው ስሟ ሲነሳ ሙቀትና ወባ ነው የሚያወራ። እኔ ግን መተማ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ የዘሀቢያ ማህለቢያ። ከባለቤቴ ከዋለ ጋር ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የወረድን ዓመት ወባ ጣለኝ። ውሃ እንኳ ሆዴ አልቀበልም ብሎ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ጆንያ ላይ ተኝቼ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት ቀና አደረገችኝና ከወተትና ከስታርች የተሠራ፣ ነጭ፣ ለስላሳ ነገር በማንኪያ አጎረሰችኝ። እሱ ብቻ ሆዴ ውስጥ ረጋ። ሴትዮዋ ዘሀቢያ ነበረች፤ አገሬ ሳልመለስ ጎረቤቷ ሆኜ የቀረሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ዘሀቢያ አባቷ የጎንደር አዲስ ዓለም ነጋዴ፣ እናቷ ከድንበሩ ማዶ፣ የሱዳን ገላባት ሴት ናቸው። ማህለቢያውን የተማረችው ከእናቷ ነው። ባሏ ኢሳ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት በኩባያ እያደረገች ለሳሉግ ትሸጥ ነበር፤ ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ነው። ያ ሁሉ ፀሐይ የጠበሰው ሰው ኩባያውን ይዞ ጥላ ሥር ቁጭ ሲል ማየት ደስ ይል ነበር። ሴትዮዋ ደግሞ ቁጡ ናት። ሳይጨርስ የሄደ ሰው ካለ ተከትላ፣ ምን ጎደለው ብላ ሳትጠይቅ አትመለስም።

በእኛ አገር ድግስ ሁለት ድንኳን ነው። የእስላም ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያን ሥጋ ለብቻ ይታረዳል፤ የኖርንበት ነውና ማንም አይከፋበትም። መጨረሻ ላይ ግን የዘሀቢያ ትሪ ይወጣና ሁለቱንም ድንኳን ይዞራል። በሠርግም ሆነ በክርስትና ሁሉም ሰው የሚበላው አንድ ምግብ እሱ ብቻ ነበር። በዚህ ነገር ኩራቷ ልክ አልነበረውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በእሷ እኮራ ነበር።

በሁለት ሺህ ሰባት ልጇ ኩብራ ልትዳር ሆነ። ሙሽራው ሰፍዋን ሳውዲ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ፈቃድ ያገኘው ለመጋቢት ነበር። ኢሳ እሺ ብሎ ቀኑን ቆረጠ። እስላም ሰው ዐቢይ ጾምን ከየት አምጥቶ ያስበው? ትዝ ያላት ዘሀቢያ ናት። መጥታ ደጄ ላይ ቆመችና፣ ወተት አትበሉም ማለት ነው አለችኝ። እኔም ቀለል አድርጌ፣ ምን ችግር አለው፣ ምስርና ሽሮ በልተን እንጨፍራለን አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ኩብራን በጀርባሽ ያሳደግሽ አንቺ ነሽ» አለች። «በሠርጓ ቀን ከእጄ ሳትቀምሺ ልትወጪ ነው?»

ልጅቷ እኔን ኻልቲ፣ አክስቴ እያለች ነው ያደገች።

ሙከራ የተጀመረው በነጋታው ነው። ስታርቹን በውሃ ብቻ ስታበስለው የደብዳቤ ሙጫ ሆነ። ሎሚ ስትጨምርበት ደግሞ ተፍረክርኮ ቀጠነ። ከጎንደር በፓኬት የመጣ ጄላቲን የሚባል ነገር ነበር፤ ከአጥንት ነው የሚሠራው ሲባል፣ የምን አጥንት የሚለው ጥያቄ እሷንም እኔንም እኩል አስፈራን። ተልባ ብናደርግስ ብል ከት ብላ ሳቀችብኝ። ለኩብራ ሠርግ ተልባ ልበጠብጥ ወይ አለች። እውነቷን ነው፤ ጾሙን ሙሉ የጠጣነውን ተልባ ማን በሠርግ ትሪ ላይ ማየት ይፈልጋል።

መፍትሔው የመጣው በስህተት ነው። አቶ ዘመነ የሚባሉ የጎንደር ባለሀብት በሰሊጥ እርሻቸው ጥግ ቺያ የሚባል፣ ፈረንጅ ይወደዋል የተባለ ዘር ሞክረው ነበር። ግማሽ ጆንያ ኢሳ ሱቅ አስቀመጡ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። ዘሀቢያ ስኳር አቅልጬበት እንደ ሰሊጥ ከረሜላ ላድርገው ብላ አንድ ሳህን ወሰደች። እኛ የቆላ ሰዎች ደቃቅ ዘር ያየን እንደሆነ ሁሉም ሰሊጥ ይመስለናል። ሰሊጥ ከመቆላቱ በፊት ይታጠባል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ አሸዋው ይዘቅጣል፣ ፍሬው ከላይ ይቀራል። እሷም እንደዚያው ውሃ አፈሰሰችበትና እንግዳ ልትቀበል ወጣች።

ስትመለስ ሳህኑ ውስጥ እንቁራሪት የወለደች መስሏት ጮኸች። ሮጬ ገባሁ። እያንዳንዷ ፍሬ ዙሪያዋን ዝልግልግ ለብሳ፣ ውሃው የለም፣ ሁሉም አንድ ላይ ተያይዟል። ልድፋው ብላ ሳህኑን ዘነበለች፤ አልፈሰሰም። ይበልጥ ዘነበለችው፤ አሁንም አልፈሰሰም። እርስ በርሳችን ተያየን። ያለ ስታርች፣ ያለ ወተት፣ ያለ እሳት ረግቷል።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋን የሚያቆማት ጠፋ። መጀመሪያ በሎሚ ጭማቂ ብቻ ዘፈዘፈችው፤ ፍሬው አኮረፈና አልነፋም አለ። ቀድሞ በውሃ፣ ከዚያ በጭማቂ ሲሆን ግን ታዘዘ። ቶሎ ቶሎ ካልተማሰለ እንደሚጓጉልም ደረሰችበት። ብርቱካኑን ከገላባት ታስመጣለች፤ ሎሚው ከጓንግ ወንዝ ዳር አትክልት ነው። የሎሚውን ልጣጭ አረንጓዴውን ብቻ ፍቃ ትጨምራለች፤ ነጩ ከገባ ይመራል። ጣዕሙ ጥሩ ሆነ፤ ግን መልኩ ብጫ ውሃ ነው፣ የማህለቢያ ወግ የለውም። እዚህ ላይ የእኔ ድርሻ ይመጣል፤ ራሴን ባመሰግን አይፈረድብኝ። በጾም ሱፍ ወቅጠን የምናጠልለውን አስቢው አልኳት። ሰሊጡን ሞቅ አድርገን፣ ወቅጠን፣ በውሃ በጥብጠን በነጠላ አጠለልነው። ጥሩ ነጭ ወጣው። ከብርቱካኑ ጋር ስናዋሕደው የራሳችን ሰሊጥ ሽታ ከሎሚው ሥር ብቅ አለ። በጣም ቆንጆ ነበር፤ ከድሮውም ይበልጥ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

የቀረው ዕቃው ነው። የእሷ ድስት ሁሉ ወተት የነካው ነው፤ ለእኛ አይሆንም። የእኔ ዕቃ ደግሞ እኛ ያረድነውን ሥጋ ያውቃል፤ ለእነሱ አይሆንም። ማንም ሳይነግራት ገበያ ወጥታ አዲስ ትልልቅ ሳፋ፣ አዲስ ወንፊት፣ አዲስ ጭልፋ፣ አዲስ ትሪና ማንኪያ ገዛች። ለእኔም ሳታሳይ በአዲስ ሻሽ ሸፍና አስቀመጠችው።

ሠርጉ ሐሙስ ነበር። መብራት ጠዋት ሄደና ማቀዝቀዣውም ቆመ። ጾመኞቹ ከቅዳሴ በፊት አይቀምሱምና ትሪው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ነበረበት፤ የመጋቢት ፀሐይ ደግሞ ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል። ሳፋዎቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ጥላ ሥር አስቀመጥን፤ ቶሎ ቶሎ ውሃ እናርከፈክፍበታለን። ረግቶ ዋለ። በእስላሞቹ ድንኳን ቀድሞ ዞረ፤ ሰው ጣቱን ሳይቀር ላሰ።

በእኛ ድንኳን የሁሉም ዓይን እማማ አየሁሽ ላይ ነበር። እማማ አየሁሽ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጾም ላይ ቀልድ አያውቁም፤ እሳቸው ያልነኩትን የሚነካ የለም። ትሪውን ይዛ የገባችው የሰፍዋን እህት ነበረች፤ ድንበሩን ተሻግራ ያደገች ልጅ ናትና አማርኛዋ እንደነገሩ ነው። እማማ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት ደስ ብሏት፣ የሰሊጥ ወተት ነው አለች።

ወተት የምትለዋን ብቻ ነው ሁሉም የሰማው። እኛ ሱፍንም ሆነ ሰሊጥን ወተት ብለን አንጠራም፤ ያች ቃል በጾም ከአፋችንም አትወጣም። እማማ አየሁሽ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ከእሳቸው በኋላ እጅ ሁሉ ተሰበሰበ። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ትሪውን እንደያዘች ቀረች። እኔ ተነስቼ ላስረዳ ብል ድምፄ በጫጫታው ተዋጠ። የዚያ ሁሉ ቀን ልፋት በአንድ ቃል ጠፋ።

ዘሀቢያ ነገሩን ከደጅ አይታው ኖሮ ገባች። ትሪውን ከልጅቷ ተቀበለችና እማማ አየሁሽ ፊት ተንበረከከች። ያች ቁጡ ሴትዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እማማ፣ ይኸ ዕቃ ወተት አያውቅም። ሥጋ አያውቅም። የእኔንም ቤት የአንቱንም ቤት አያውቅም። አዲስ የገዛሁት ዛሬ አብረን እንድንበላበት ነው።»

እማማ አየሁሽ የትሪውን አዲስ ሻሽ አዩት፣ ትሪውን አዩት፣ ከዚያም እሷን አዩ። የልጇ ሠርግ ነው፤ ወርቅ አድርጋለች፣ እጇ ሒና ነው፣ ጉልበቷ ግን አቧራ ላይ ነው። እኔ በልቤ ጸሎት እያደረስኩ ነበር። ማንኪያና ሳህን ሊያቀብላቸው የተነሳውን ሰው እማማ በእጃቸው መለሱት።

«ሳህን አልፈልግም» አሉ። «የማንኛችንንም ቤት የማያውቅ ከሆነማ ለሁለታችን አንድ ማንኪያ ይበቃናል። ቁጭ በይ ልጄ።»

እማማ አየሁሽ በእስላም ሰው ማንኪያ በልተው የሚያውቁ ሴት አይደሉም፤ ይኸን የድንኳኑ ሰው ሁሉ ያውቃል። የትሪውን ማንኪያ ሞልተው በመጀመሪያ ዘሀቢያን አጎረሷት። እሷ እንባዋ ሒናው ላይ እየወረደ ዋጠችው። ከዚያ ያንኑ ማንኪያ ሳይጠርጉት መልሰው ሞሉና በራሳቸው አፍ ከተቱት።