ለሳቅ የተሸጠ ሙሾ

ሁመይራ ከወሎ፣ ከሐርቡ ወጥታ ሳዑዲ፣ አል ኹበር ለቤት ሠራተኝነት ስትገባ፣ የቀጠራት አቡ ፈይሰል ገና ስም አልነበረውም። ቀን ቀን በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ በአንድ ቀለም ፋብሪካ መጋዘን ይሠራል፤ ሲጠሩት ደግሞ በቴሌቪዥን ድራማ ብቅ ብሎ ሻይ ያቀርብና በጥፊ ተመትቶ ይወጣል። ቤተሰቡ አል ኹበር አሽ-ሸማሊያ፣ ከጫማ ሱቅ በላይ ሦስት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ያን ጊዜ ሁመይራ ትወደው ነበር። ምግብ ሲቀርብ “አንቺም ብዪ እንጂ” ይላታል። ልጁ ፈይሰል ከትምህርት ቤት ሲመጣ እሱ የመምህሩን አነጋገር እያስመሰለ ሁሉንም ያንከተክታቸዋል።

በአራተኛው ዓመት ደሃ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ተጫወተ፤ ረመዳኑን ሙሉ ሰው አለቀሰለት። ከዚያ በኋላ ሀብቱ እንደ ጎርፍ መጣ። የሩዝ ማስታወቂያ፣ የሽቶ ማስታወቂያ፣ ሱቅ ሲመረቅ ለግማሽ ሰዓት ቆሞ መታየት፣ ሁሉም ገንዘብ ሆነ። አል ራዋቢ ሰፈር ቪላ ገዛ፤ ሦስት መኪና አቆመ፤ ለእጅ ሰዓቶቹ ብቻ የመስታወት ቁም ሣጥን አሠራ። ያ ዓሣ አጥማጅ ዓሣ ሸተተኝ እያለ ሰሃን ይመልስ ጀመር። ሁመይራ የምታጸዳው ክፍል አሥራ አንድ ደረሰ፤ “አንቺም ብዪ” የሚላት ግን ቀረ።

አምና አንድ ረፋድ ወጥ ቤት ውስጥ ዶሮ ስታጥብ ወንድሟ ሙሕሲን ከሐርቡ ደወለ።

“እታለም፣ ሰብር አድርጊ። አብዬ ወደ አኼራ ሄደ።”

ሙሾ በሃይማኖቷ እንደማይወደድ ታውቃለች። ግን ዘጠኝ ዓመት ያላየችው አባቷ ነውና አመለጣት። መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየመታች አወረደችው፦

“አብዬ ጥላዬ፣ ተነቀልህ ወይ፣
ከእንግዲህ ማን ሊለኝ፣ ልጄ መጣሽ ወይ።”

ቀና ስትል አቡ ፈይሰል በሩ ላይ ቆሟል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እጇን፣ አፏን፣ ትከሻዋን ያያል። አዝኖላት መሰላት።

“ምን ማለት ነው ያልሽው?” አላት።

እያለቀሰች ወደ ዐረብኛ መለሰችለት።

“ማሻአላህ!” አለ።

ለሞት ማሻአላህ ሲባል ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም በመጠየቁ አመሰገነችው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሳሎን አስጠራት። አንዲት የተኳኳለች ተዋናይት ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

“ያ ሁመይራ፣ እንደዚያ ቀን አልቅሺ እስቲ” አላት።

“ባባ፣ እንዴት ብዬ?”

“ለሥራዬ ነው። ቃሉን ቀስ እያልሽ በይው።”

ሚስቱ ማዳም ከወዲያ “ይላ፣ እንግዳዋ ትቸኩላለች” አለች። ሁመይራ ግራ ገባትና ደረቷን ነካ ነካ እያደረገች ሁለቱን ስንኝ አለች። ተዋናይቱ በስልኳ ቀዳቻት። አቡ ፈይሰል አምስት መቶ ሪያል ሰጣት፤ እሷም ለአባቷ ሰደቃ በግ እንዲታረድ ወደ ሐርቡ ላከችው።

ረመዳን ገባ። ቤተሰቡና እንግዶቹ አፍጥረው አዲሱን ድራማ ለማየት ተሰበሰቡ። ሁመይራ ጣፋጩን ይዛ ገባች። በቴሌቪዥኑ ያቺ ተዋናይት ፊቷን ጥቁር ተቀብታ፣ ሻርፗን አጣማ፣ ወጥ ቤት መሬት ላይ ተቀምጣለች። “አብዬ ጢላዬ! አብዬ ጢላዬ!” እያለች ደረቷን ትደበድባለች። ለካ የምታለቅሰው ለሞተ ሰው አይደለም፤ ድስት አርሮባት ነው። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ፈይሰል ዞሮ “ያ ሁመይራ፣ አንቺ ነሽ እኮ!” አለ። አባቱ ዕንባውን እስኪጠርግ ይስቃል።

ሁመይራ ትሪውን አስቀምጣ ወጥ ቤት ገባችና ያፈጠረችበትን ሁሉ አስመለሰች። አቡ ፈይሰልን ብቻ አልነበረም የተጸየፈችው። ያ አምስት መቶ ሪያል በግ ሆኖ በአባቷ ስም ታርዶ፣ ዱዓ ተደርጎበት መበላቱን ስታስብ የገዛ እጇ ከረፋት።

ከዒድ በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ቪላው ድረስ መጥቶ ስለ ሀብቱ ጠየቀው። “ሀብቴ የሰው ፍቅር ነው። ቤቴ ያለችው ሠራተኛ እንኳ እንደ ልጄ ናት” አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ካሜራው እንደወጣ እጁን በሽቶ እያሸ “ሻይ የት አለ?” ብሎ ጮኸ።

ሁመይራ ሻይ ሳትይዝ ገባች።

“ባባ፣ ወደ ሌላ ካፊል፣ ወደ ሌላ አሠሪ አዛውረኝ።”

“ምን ሙሽኪላ፣ ምን ችግር አለ? ደመወዝ ልጨምርልሽ። ስንት ሚሊዮን ሰው እንዳየሽ ታውቂያለሽ?”

ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ ያን ቀን ጠቀማት።

“አንተን ሳይ ሆዴ ይገለበጣል። ምግብህን እንዴት ልሥራ?”

ማዳም ልትመታት ተነሣች። አቡ ፈይሰል ግን ሚስቱን ያዛት። ሠራተኛዋ ጠፋች ቢባል፣ ወሬው ጋዜጠኛ ጆሮ ቢገባ፣ ማስታወቂያው ሁሉ ይቀርበታል። በሳምንቱ ዝውውሩን ፈቀደላት።

አሁን ሁመይራ ደማም፣ አንዲት ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው አሮጊት ቤት ትሠራለች። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ማታ ማታ ግን እንቅልፍ ይወስዳታል። ሰሞኑን ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ፣ ሱቁ ውስጥ ሸፊቃ የምትባል የወሎ ልጅ ስልኳን እያየች ስትንፈቀፈቅ አገኘቻት።

“ነይ እይ፣ በኛ ቋንቋ እኮ ነው የምትቀልደው!”

ሁመይራ “አብዬ ጢላዬ” የሚለውን ድምፅ አወቀችው።

“አባቴ ነው የሞተው” አለቻት።

ሸፊቃ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ሁመይራ ሽንኩርቱን ሚዛኑ ላይ ትታ ወጣች።